ቤት የተፈለገባቸው እሑዶች

የሺወርቅ ሠላሳ ስድስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ የራሷን በር ዘግታ ተኝታ አታውቅም ነበር። ከፒያሳ ቁልቁል በሚወርደው መንደር፣ አባቷ ከሞተ በኋላ እናቷ ወይዘሮ ጥሩዬ እንደምንም ይዛ ያቆየችው የቀበሌ ቤት ነበራቸው፤ ሁለት ክፍልና ጓሮው ላይ የተለጠፈ፣ ጭስ የጠገበ ማድቤት። በውስጠኛው ክፍል ታናሽ ወንድሟ ወንዲ ከሚስቱ ከሄመንና ከልጆቹ ጋር ይተኛል። በውጪው ክፍል የሺና እናቷ በአንድ አልጋ ያድራሉ። ለሽንት የሚነሳ ሁሉ በእነሱ ራስጌ እየተደናበረ ያልፋል።

በዚህ አማርራ አታውቅም። አባቷ ሲሞት አሥረኛ ክፍል ነበረች። ትምህርቷን ትታ ስፌት ያዘች፤ ወንዲ ግን ቀጠለ፣ ኮሌጅ ገባ፣ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ ዕቃ ገዢ ሆኖ ተቀጠረ። እሷ ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ መጋረጃ ትሰፋለች። ለወንድሜ ይህን አደረግሁለት ብላ አስባ አታውቅም። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ልጅ ነው። ጠዋት ክራቫት አስሮ ሲወጣ ስታየው ራሷ ለብሳ የወጣች ያህል ደስ ይላታል። ባል አላገባችም፤ ሁለት ጊዜ ጠያቂ መጥቶ ነበር፣ ሁለቱም ጊዜ እናቷ ታማ ነበር፣ ነገሩ እንዲሁ ቀረ።

መስቀልና ኢሬቻ ካለፉ በኋላ አንድ ማታ ወንዲ እራቱን በልቶ እጁን እየታጠበ ነገሩን አነሳው። የእማዬ ሳል እንቅልፍ ነሣኝ አለ። አስሟ በዚህ ጭስና በዚህ እርጥበት እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም፤ ሐኪሙም አየር ትቀይር ብሏል። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ንጹሕ ነፋስ ያለበት ቦታ ትንሽ ቤት ብንከራይና አንቺና እሷ ብትገቡስ? ኪራዩን አብረን እንችለዋለን። ዛሬ ሰዉ ሁሉ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ እየኖረ አይደል እዚህ እየመጣ የሚሠራው? ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አላት፦

“የሺ፣ አንቺስ እስከ መቼ? አንድ ቀን እንኳን የራስሽ በር ይኑርሽ እንጂ።”

ይህቺ ንግግር ገባችባት። ማንም ሰው ስለ እሷ በር አስቦ አያውቅም ነበር። ታዲያ ይህ ቤትስ ብላ ስትጠይቀው፣ ቤቱ የት ይሄዳል፣ ሲሰለቻችሁ ትመለሳላችሁ አላት። እናቷ ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና አላለችም። “እናንተ ካላችሁ” አለች።

በመጣው እሑድ ወንዲ ከሥራ ባልደረባው አሮጌ ቪትዝ ተውሶ መጣ። እናቱን ከፊት፣ እህቱን ከኋላ አስቀምጦ ወደ ሰበታ ነዳ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ሲያወርዳት እናቱን በክንዷ ይደግፋል፣ ነጠላዋን ይመልስላታል፤ ከመንገድ ዳር ሙዝ ገዝቶ ለየሺ በመስኮት ያቀብላል። የታየው ቤት ከጅማው መንገድ ብዙ አይርቅም። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ አቧራው ግድግዳው ላይ ጋግሯል። ግቢው ውስጥ ከደቡብ የመጡ ወጣት የፋብሪካ ሠራተኞች ተከራይተው ይኖራሉ፤ ከጸሎት ተመልሰው መዝሙር እያንጎራጎሩ ልብስ ያጥባሉ፤ እንግዶቹን በፈገግታ ተቀበሏቸው። ሰዎቹ ደስ ይላሉ፣ እናቷ ግን ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ እንዳደረገች ገብታ እንዳደረገች ወጣች። ወንዲ ራሱ “ይሄ እንኳን አይሆንም” አለ።

በሁለተኛው እሑድ እንጦጦን ተሻግረው ሱሉልታ ወረዱ። ቀኑ ጥርት ያለ ነበር። ሯጮች በመስመር፣ አንዱ የሌላውን ተረከዝ እየተከተለ፣ በመንገዱ ዳር ይወርዳሉ። ቤቱ መልካም፣ ሜዳውም ሰፊ ነበር፤ ነፋሱ ግን ሹል ነው። እናቷ ከመኪናው ወርዳ ጥቂት እንደተራመደች ሳሏ ተነሣ፣ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒቷን አውጥታ እስክትስብ ድረስ ቆመው ጠበቋት። ከዚያ መንገድ ዳር አንዲት ቤት ገብተው ትኩስ ወተት ጠጡ። እዚያ ተቀምጠው ነው ወንዲ የልጅነቱን ያነሣው። አዝላው ውሃ ልትቀዳ ሄዳ፣ ከእኩዮቿ ጋር ጨዋታ ይዟት፣ ቦይ ውስጥ የጣለችውን ቀን። እናታቸው ፊት ዝናብ ነው ያበሰበሰን ብለው ሁለቱም እንዴት እንደዋሹ፣ እሱ ገና አፉን ሳይፈታ “ዝናብ፣ ዝናብ” እያለ እንዴት እንደመሰከረላት። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እሷም የወተቱን ብርጭቆ አስቀምጣ ሳቀች። ከስንት ዓመት በኋላ እንዲህ አብረው እንደሳቁ ማስታወስ አልቻለችም። እናቷ ግን አልሳቀችም፤ በመስኮቱ መንገዱን ታያለች። ብርዱ ነው ብላ የሺ የራሷን ሻርፕ አውልቃ አንገቷ ላይ ጠመጠመችላት።

ሦስተኛው እሑድ የቡራዩ ነበር። አስኮን አልፈው፣ አስፋልቱን ለቀው፣ በባሕር ዛፍ መሃል በሚወርደው ኮረኮንች ወደ ወንዙ ሄዱ። የቤቱ ባለቤት ኦቦ ሞቱማ ይባላሉ፤ ረጅም፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ጥቂት ላሞችና የጎመን መደብ አላቸው። “አካም ጅርቱ” ብለው ሁሉንም በየተራ ጨበጡ። የወንዲን እጅ ግን እንደሚያውቁት ሰው ያዝ አድርገው ቆዩ። ልጃቸው ደራርቱ በሩን ከፈተችላቸው። ሁለት ክፍል ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው አዲስ፣ ግቢውም ለብቻው የታጠረ። ከአጥሩ በታች ወንዙ በድንጋይ መሃል እየተንሾካሾከ ይወርዳል። ከወንዙ ማዶ አዲስ አበባ ነው። መጀመሪያ ቆርቆሮው፣ ከዚያ ፎቁ፣ ከዚያ ክሬኑ፣ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ወጥቶ ይታያል።

ኦቦ ሞቱማ የሺን ወደ አጥሩ ወስደው፣ “እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህ ውሃ ክረምት ላይ ይቆጣል። እዚህ ድረስ ግን መጥቶ አያውቅም” አሏት። የሺ ወንዙን አየች፣ እናቷን አየች። እናቷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አየሩን ሳትሰስት ትስባለች፤ ደረቷም አያፏጭም። ያ ደረት ሳያፏጭ የሺ መቼ እንደሰማችው ትዝ አላላትም።

“እዚህ ይሁን” ያለችው የሺ ራሷ ናት። ማንም አልገፋፋትም።

በኅዳር ገቡ። ወንዲ ዕቃውን ራሱ ጫነ፣ ራሱ አወረደ። መሸኛሽንም ቶሎ አውጪ፣ እዚህ መታወቂያ ካላወጣሽ አገልግሎት አታገኚም ብሎ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ ወረዳ አብሯት ሄደ፣ ተራ ያዘላት። ስሟ ከድሮው ቤት ተነሥቶ ወደ አዲሱ ተዛወረ። በገቡበት ዕለት እናቷ በውስጠኛው ክፍል ስትጋደም የሺ የራሷን ክፍል በር ዘጋች። ከፈተችው። እንደገና ዘጋችው። ከዚያ አልጋው ላይ ተቀምጣ ለብቻዋ ፈገግ አለች።

ሕይወቱ ቀላል አልነበረም። ጎህ ሲቀድ ተነሥታ የወንዙን ድልድይ በእግሯ ተሻግራ የታክሲ ሰልፍ ትይዛለች። አስኮ ላይ ወርዳ ሌላ ሰልፍ። ፒያሳ ስትደርስ ቀኑ ግማሹን የሄደ ይመስላታል። ማታም እንደዚሁ ነው። ግን ከድልድዩ ወዲህ ስትሆን ድካሙ ከላይዋ ይራገፋል። በሁለት ወር ውስጥ እናቷ መደብ ቆፍራ ጤና አዳም ተከለች፤ ከደራርቱ ጋር ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ እያወራች ትውላለች። የሺ ለሱቁ ሴቶች ወንድሜ ያገኘልን ቦታ እያለች ታወራ ነበር። እንደሱ ያለ ወንድም ይስጠን ይሏት ነበር።

ወንዲ መጀመሪያ በየእሑዱ ይመጣል። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ሆነ። ከጥምቀት ወዲህ ሥራ በዝቶብኛል እያለ በስልክ ብቻ ቀረ። ኪራዩንም ኑሮ ከበደኝ ብሎ ለእሷ ተወላት። የሺ አልተቀየመችም፤ ልጅ ያለው ሰው ነው ብላ አለፈችው።

በግንቦት አንድ ቀን የሱቁ ባለቤት የተሰፋ መጋረጃ ለደንበኛ አድርሺ ብላ ላከቻት። አቋራጩ በድሮው መንደሯ በኩል ነበር፤ ሥራዋ ከላይ በኩል ስለሆነ ከወጣች ወዲህ ወርዳበት አታውቅም። ከዳገቱ አፋፍ ላይ ስትደርስ እግሯ ተገታ። ጣሪያዎች ተነሥተዋል። ሰዎች ቆርቆሮና በር በአይሱዙ እየጫኑ ነው። መንደሩ ይነሣል የሚለው ወሬ ከልጅነቷ ጀምሮ ሲወራ ስለኖረ ማንም ጆሮ አይሰጠውም ነበር፤ አሁን ግን ተነሥቷል። የእነሱ ቤት ከሁሉም ቀድሞ የፈረሰ ይመስላል፤ የጭቃ ግድግዳው ብቻ ቆሟል፣ የማድቤቱ ጥላሸት ለፀሐይ ተጋልጧል።

ሰዓት ሠሪው አቶ ካሣዬ የጎረቤት ሰው ናቸው። ፍራሽ እያሰሩ አዩአትና እጃቸውን ጠራርገው መጡ።

“የሺ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ” አሏት።

ለምኑ ነው ጋሼ፣ አለቻቸው። ለኮንዶሚኒየሙ ነዋ፣ አሉ። ወንዲ ምትክ ቤቱ ባለ ሁለት መኝታ ደርሶት ከፋሲካ በፊት ገብቶ የለም? እሳቸው ገና አሁን መጉላላታቸው ነው። ከዚያ ምርቃት በሚመስል ድምፅ ጨመሩበት፦

“እናትሽ ብልህ ናቸው። ዓምና ክረምት ስብሰባ ተጠርተን መንደሩ በእርግጥ ሊነሣ ነው ሲባል፣ ሌላው ሲያለቅስ እሳቸው ቤቱን በልጃቸው ስም አዛወሩ። ‘ሴቷ ልትወጣ ነው፣ የሚቀረው እሱ ነው’ ብለው ተናገሩ። እኔ እንዲያውም አግብተሽ መስሎኝ፣ ሳትጠሩኝ ብዬ ተቀይሜሽ ነበር።”

ዓምና ክረምት የሺ እዚያው ቤት፣ ከእናቷ ጋር በአንድ አልጋ ላይ ነበረች። ስብሰባው ትዝ አላት። ከሥራ ስትመለስ ምን ተባለ ብላ ጠይቃ ነበር። ስለ ቆሻሻ ማንሻ ነው ብላ እናቷ መልሳላት ነበር።

ለአቶ ካሣዬ አሜን አለቻቸው። ወንዲ የገባበትን ሰፈር ስም እንደ ዘበት ጠይቃ፣ መጋረጃውን አድርሳ፣ ወደ ሱቅ ተመልሳ እስከ ማታ ሰፋች። ስፌቱ ቀጥ ብሎ መውጣቱ ገረማት። ያን ዕለት ድልድዩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ወንዝ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ሁልጊዜ ትሰማ ነበር። የሱሉልታው ወተት፣ የሰበታው ሙዝ፣ በመስኮት የተዘረጋው እጅ አንድ በአንድ መጡባት። ቤቱን ማጣቷ ገና አልተሰማትም። መጀመሪያ የታመማት እነዚያ እሑዶች ናቸው።

ኦቦ ሞቱማ ከብቶቻቸውን እያስገቡ ነበር። በራፋቸው ላይ ቆማ፣ ወንድሟ ይህን ቤት መጀመሪያ ያየው መቼ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

“ከኢሬቻ በፊት ነዋ” አሉ ኦቦ ሞቱማ። “ቀብድም ሰጥቶኝ ነው የሄደው። እናቴ ታማለች፣ እህቴ መጥታ ታየዋለች፣ ለሌላ ሰው እንዳይሰጡብኝ አለኝ። ጥሩ ወንድም ነው ብዬ ለደራርቱ ነግሬያት ነበር።” ፊቷን አዩና፣ “ችግር አለ እንዴ ልጄ?” አሏት።

ችግር የለም፣ ገለቶማ ብላ አመስግናቸው ገባች። ከኢሬቻ በፊት ማለት ወንዲ እራት ላይ ነገሩን ከማንሣቱ በፊት ማለት ነው። ሰበታና ሱሉልታ ሲሄዱ ቡራዩ አስቀድሞ ተይዞ ነበር። እሷ የመረጠችው ለእሷ የተመረጠላትን ነው።

ያን ሳምንት እንደ ወትሮው ወደ ሥራዋ ተመላለሰች። እሑድ ጠዋት የእናቷን ልብስ፣ መድኃኒትና የጸሎት መጽሐፍ በሻንጣ ከታ አሰረች። “ልበሺ፣ ወንዲ ጋ ልንሄድ ነው” አለቻት። እናቷ ሻንጣውን አየች። የት ነው ያለው ብላ አልጠየቀችም። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ሦስት ታክሲ ቀይረው ሰፈሩ ሲደርሱ፣ የትኛው ብሎክ እንደሆነ የሺ ዘበኛ ልትጠይቅ ስትል እናቷ ቀስ ብላ፣ “ያኛው ነው፣ አራተኛ ፎቅ” አለች።

ሊፍት የለውም። የመጀመሪያውን ደረጃ እናቷ ብረቱን ይዛ ወጣች። ከሁለተኛው በላይ ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር። ከሦስተኛው ሳትደርስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። የሺ ሻንጣውን አስቀምጣ መድኃኒቷን አውጥታ ሰጠቻት፣ ከአጠገቧም ተቀመጠች። ከላይ የሆነ ቤት ሬዲዮ ይሰማል። እንዲህ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ወደ ታች ያያሉ።

“ነግረሽኝ ቢሆን እኮ እሺ እል ነበር” አለች የሺ።

“አውቃለሁ” አለች እናቷ። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች። “እሺ እንደምትይ ስለማውቅ ነው ያልነገርሁሽ። እምቢ የምትይ ልጅ ብትሆኚ እነግርሽ ነበር፣ ተጣልተን ይወጣልን ነበር። እሺ ካልሽኝ በኋላ ግን ፊትሽን እያየሁ እንዴት ብዬ ልኑር? አባትሽ የሞተ ጊዜም እሺ ነው ያልሽው።”

“ታዲያ ከእሱ ጋር አትቀሪም ነበር? ቤቱን ለእሱ ሰጥተሽ ለምን ከእኔ ጋር ወጣሽ?”

እናቷ የነጠላዋን ጥለት ስትዳስስ ቆየችና፣ “ሄመን አታስታምመኝም” አለች። “ወንዲም ልጅ ነው፣ ሲያመኝ ይደነግጣል። አንቺ ጠንካራ ነሽ።”

ጠንካራ። የሺ ይህን ቃል ዕድሜዋን ሙሉ ሰምታዋለች፤ እንደ ምስጋናም ትቀበለው ነበር። ለእሱ ቤቱ፣ ለእሷ ማስታመሙ እንደተከፈለ ያን ጊዜ ገባት። በእርግጥ ነግረውኝ ቢሆን እሺ እል ነበር? ብላ ራሷን ጠየቀች። ቀድማ በድፍረት ተናግራዋለች፣ አሁን ስታስበው ግን አላወቀችም። ምናልባት ታለቅስ ነበር። ምናልባት ለአንድ ጊዜ እንኳን እምቢ ትል ነበር። የወሰዱባት ይህን ለማወቅ የሚያስችላትን አንድ ቀን ነው።

ተነሥታ እናቷን በብብቷ ይዛ አወጣቻት።

በሩን የከፈተችው ሄመን ናት። ጎረቤት መስሏት በፈገግታ ከፈተች፤ ፈገግታው እዚያው ፊቷ ላይ ደረቀ። ልጆቹ ግን “አክስቴ” እያሉ እግሯ ላይ ተጠመጠሙ፤ አንድ በአንድ ሳመቻቸው። ቀና ስትል መስኮቱን አየች። መጋረጃው የእጇ ሥራ ነው። በሚያዝያ ወንዲ ደውሎ፣ አንድ ባልደረባዬ አዲስ ቤት ገብቷል፣ ለእኔ ብለሽ አሳምረሽ ስፊለት ብሎ ልኬቱን ነግሯት ነበር። እሷም ለእሱ ብላ፣ የምሳ ሰዓቷን ሳይቀር እየሰጠች፣ እጥፋቱን በእጇ እየቆነጠጠች ነበር የሰፋችው። የእጅ ዋጋ አልተቀበለችም።

ወንዲ ከጓዳ ወጣ። እናቱን ሳመ። ወደ እህቱ ሲዞር ግን የት እንደሚጀምር ጠፋው። ለእማዬ ጤና ብዬ ነው ያደረግሁት አለ። ለአንድ ቤት የሚሰጠው ምትክ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለታችን ከተጻፍን ክርክር ይመጣል፣ ከተከራከርን ሁለታችንም ልናጣው እንችላለን አለ። ልጆቼን አየሻቸው አይደል አለ። ላንቺም ጊዜው ሲደርስ አስቤልሽ ነበር አለ። ብዙ ተናገረ። የሺ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከቤቱም፣ ከስሙም ይልቅ የከነከናት ሌላ ነበር።

“ሰበታና ሱሉልታ ለምን ወሰድከን?” አለችው።

“ራስሽ የመረጥሽው እንዲሆን ብዬ ነው” አለ ወንዲ።

“ሱሉልታ ላይ የሳቅነውስ?”

“እሱ እውነት ነው” አላት፤ ያን ጊዜ ብቻ ዓይኗን አየ። “የሺ ሙት፣ እሱ እውነት ነው።”

አመነችው። ውሸት ነው ቢላት ይቀላት ነበር። ከልቡ እየሳቀ፣ በዚያው ልቡ ይህን ይዞ መዋሉን የምታስቀምጥበት ቦታ አጣች።

ሻንጣውን አንሥታ ወለሉ መሃል አኖረችው። “እማዬን አምጥቻለሁ” አለች። “ከቤቷ ጋር ትኑር።”

ሄመን ባሏን አየች። ወንዲ ምንጣፉን አየ። ከዚያ ቀስ በቀስ፣ ማንንም ላለማስቀየም እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ ደረጃው እንደሚከብዳት፣ አንዱ መኝታ የልጆቹ እንደሆነ፣ ውሃም በፈረቃ እንደሚመጣና ለታመመ ሰው እንደማይመች ዘረዘረ። እናቱ ከሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሰማችው። ሲጨርስ ጎንበስ ብላ የሻንጣውን እጀታ ያዘች።

“እኔ እዚያው ወንዙ ጋ ይሻለኛል። አየሩ ተስማምቶኛል” አለች።

ወንዲ ተነፈሰ። ትከሻው ወረደ፣ ግንባሩም ተፈታ፤ ሊደብቀው ቢሞክርም አልቻለም። የሺ አየችው። እናቷም አየችው። ወይዘሮ ጥሩዬ ልጇን እንደማታውቀው ሰው አተኩራ ጥቂት ተመለከተችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ ሄደች። ምሳ ሳትበሉ ብላ ሄመን ለመነች። አልበሉም።

በመመለሻቸው ሻንጣውን የተሸከመችው የሺ ናት። ታክሲ ውስጥ እናቷ ከመስኮቱ በኩል ተቀምጣ አስኮ እስኪደርሱ አለቀሰች፤ ድምፅ የለውም፣ ዝም ብሎ ይወርዳል። የሺ መሐረብ ሰጠቻት እንጂ አላባበለቻትም። ሆዷ አልራራ ብሎ አይደለም። ማባበል የምትጀምረው ከየት እንደሆነ ጠፍቷት ነው።

ክረምቱ ገባ። ወንዙ ቀላ፣ ድንጋዮቹን ሁሉ ዋጠ፣ ያገሣ ጀመር። ድልድዩ አጠገብ ያለው መንገድ ጭቃ ሆኖ ጫማ ስለሚያስቀር የሺ ቦት ጫማ ገዛች። ደራርቱ በአካባቢው አዲስ ቤት የሠሩ ሰዎች መጋረጃ ሲፈልጉ ወደ እሷ ትልካቸው ጀመር፤ አንድ ያገለገለ ሲንጀር የስፌት መኪና አግኝታ በክፍሏ መስኮት ሥር ተከለች። ቅዳሜና እሑድ ቤቷ ትሰፋለች። ወንዲ ይደውላል። ስልኩን ሳታነሣ ለእናቷ ታቀብላታለች። እናቷም አጭር ታወራለች፤ ደህና ነኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ፣ ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ሽማግሌ ልላክ ብሎ ነበር። ሽማግሌ የሚገባው በተጣሉ ሰዎች መሃል ነው፣ እኛ አልተጣላንም ብላ በእናቷ በኩል መለሰችለት።

እናቷን አልበደለቻትም። መድኃኒቷ አያልቅም፣ ውሃዋ ይሞቃል፣ ልብሷ ይታጠባል። ያልሆነላት ሌላ ነው። ከዚያ እሑድ በኋላ አንድ ጠዋት፣ ሳታስበው፣ “ቁርስዎን ይብሉ” አለቻት። ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ከልጅነቷ ጀምሮ አንቺ እያለቻት ነው የኖረችው፤ አንቱታ ለጎረቤት ሽማግሌ፣ ለቄስ፣ ለኦቦ ሞቱማ ነው። ልትመልሰው ሞከረች፣ ምላሷ ግን እምቢ አላት። ከዚያ ወዲህ እንደዚያው ቀረ፤ ይነሡ፣ ይቀመጡ፣ ብርድ እንዳይመታዎት። ደራርቱ ስትሰማ፣ አማሮች እናታቸውን እንዲህ ያከብራሉ እንዴ ብላ ተገረመች። የሺ የጀመረችውን ስፌት ቀጠለች።

በነሐሴ አንድ ከሰዓት ዝናቡ ጋብ ሲል እናቷ ወደ ክፍሏ መጣች። በሩን አንኳኳች፤ ድሮ ማንኳኳት አታውቅም ነበር። የሺ መኪናዋን አቁማ ቀና አለች። እናቷ ደፉ ላይ ቆማ የተሰፋውን ጨርቅ፣ የሚወርደውን ውሃ፣ ማዶውን ከተማ ተራ በተራ አየች።

“የሺዬ” አለች፣ “ስደቢኝ ከፈለግሽ። አንቱ ብቻ አትበይኝ።”

የሺ መቀሷን አስቀመጠች። ይህች ሴት ናት ያጠባቻት። በአንድ አልጋ ላይ ሃያ ዓመት ጀርባዋን ያሞቀችላት። አንቺ ልትላት ከልቧ ፈለገች።

“ይግቡ፣ በሩ ላይ ነፋስ አለ” አለቻት።

እናቷ ገባች። የሺ ወንበሩን ለቀቀችላትና ራሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስፌቷን ቀጠለች። እናቷ የጨርቁን ሌላኛ ጫፍ መሬት እንዳይነካ በሁለት እጇ ይዛላት ቆየች።